ስንት ሳምንትሽ ነው? ስለ ነፍሰ ጡር ተጓዦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ከአዲስ አበባና ወደ አዲስ አበባ ለሚበሩ አየር መንገዶች፣ እንዲሁም ትኬት ለምትቆርጡ ወኪሎች በሙሉ

ክቡራንና ክቡራት፣

አዋላጅ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል እሠራለሁ። በዚያ ክፍል ከደም ግፊትና ከአይረን ኪኒን ቀጥሎ ብዙ የሚወራው ስለ አውሮፕላን ነው ብል አላጋነንኩም። ጅዳ ባሏ ጋ የምትሄድ አለች። ከዋሽንግተን ለገና መጥታ የምትመለስ አለች። ከቤሩት የገባች ሰሞን እኛ ጋ የመጣች አለች። ብዙዎቹ ካርዳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ዞር ይሉና «ሲስተር፣ እንድበር ደብዳቤ ጻፊልኝ» ይሉኛል።

እጽፋለሁ። ችግሩ ደብዳቤው ላይ ምን መባል እንዳለበት፣ በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ቀን አቆጣጠር፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ሁሉም የሚነግረኝ የየራሱን መሆኑ ነው። ስለዚህ ልመናዬን ከመጀመሪያው ልናገር። የነፍሰ ጡር ተጓዥ ደንብ ትኬት ሲቆረጥ በአማርኛ ይነገር። የምትይዘው ወረቀት ደግሞ በአገር ደረጃ አንድ ዓይነት ይሁን። ይኸው ነው።

ከደንቡ ጋር ጠብ የለኝም። ብዙዎቹ አየር መንገዶች የሚከተሉት አያታ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ ያወጣውን መመሪያ ነው። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ እስከ 28ኛው ሳምንት ያለ ደብዳቤ ትበራለች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ያረገዘች እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ያረገዘች ደግሞ እስከ 32ኛው ሳምንት ትሳፈራለች። አንዳንዱ አየር መንገድ ከዚህ ጠበቅ፣ አንዳንዱ ላላ ያደርገዋል። ምክንያቱም የሚገባ ነው። ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ምጥ ቀጠሮ አይዝም። የበረራ አስተናጋጆች የመጀመሪያ እርዳታ ይማራሉ እንጂ አዋላጆች አይደሉም። ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላትን እናት አይቼ ስለማውቅ፣ ያ ነገር ሰሐራ በረሃ ላይ ወይም አትላንቲክ መሐል ሲሆን ማሰብ አልፈልግም።

ነገሩ የሚበላሸው ቆጠራው ላይ ነው።

እኛ አገር እርግዝና የሚቆጠረው በወር ነው። «ስንት ወርሽ ነው?» ስላት «ሰባት» ትለኛለች። ስድስቱን ጨርሳ ሰባት የገባችም «ሰባት» ትላለች፤ ሰባቱን የጨረሰችም «ሰባት» ትላለች። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ወር አለ። በዚያ ላይ ብዙ ሴት መቁጠር የምትጀምረው የወር አበባዋ ከቀረበት ጊዜ ነው። ሕክምናው ግን የሚጀምረው ለመጨረሻ ጊዜ ካየችው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። እዚህም አንድ ወር ገደማ ይጠፋል። እናቶቻችን ደግሞ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ይላሉ። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ማለታቸው ነው፤ ከነጳጉሜው 275 ቀን ይሆናል። እኛ የምንይዘው 280 ቀን ነው። በሐበሻው ካላንደር 9 ወር ከ10 ቀን እንደምራለን፤ መሐል ላይ ጳጉሜ ከገባች 10ሩ 5 ይሆናል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4። የትኛዋንም የጤና ጣቢያ አዋላጅ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት ይህን ትነግራችኋለች።

የአየር መንገዱ ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ሳምንት ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ ላስላ። የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥቅምት 1 ቀን የጀመረ ሴት እንውሰድ። 28 ሳምንት የሚሞላት ሚያዝያ 17 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ መያዝ አለባት። 36 ሳምንት የሚሞላት ሰኔ 13 ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትሳፈርም። የመውለጃ ቀኗ ሐምሌ 11 ነው። በወር ስናወራው 28 ሳምንት ማለት 6 ወር ከ16 ቀን፣ 36 ሳምንት ማለት 8 ወር ከ12 ቀን ነው። «ዘጠኝ አልገባኝም፣ ገና ስምንት ነኝ» ብላ ሻንጣዋን የምትዘጋ ሴት ከየት እንደምትሳሳት እዩት። ስምንት ስትል ስምንቱን ጨርሳ ሊሆን ይችላል፤ የቀራት ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ይህን ስሌት በሠንጠረዥ አድርጎ በአንድ ገጽ አትሞ በየትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል?

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ክትትል የማደርግላት አንዲት እናት ከሌላ ሕክምና ተቋም ደብዳቤ አጽፋ ተጓዘች። ደብዳቤው በአማርኛ ነው፤ ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀኑ 12/05/2017 ይላል። ጥር 12 ማለት ነው፤ ከተጻፈ ሁለት ቀኑ። መሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሩ ጋ የቆመችው ሠራተኛ ግን የፈረንጁን ሜይ 12 ቀን 2017 አነበበች። በእሷ ዓይን ወረቀቱ ከሰባት ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ሴትየዋ እንግሊዝኛዋ እስከዚህም ነው። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ኒው፣ ኒው» ትላለች። ሠራተኛዋ ደግሞ ቁጥሩን በጣቷ እየነካች ራሷን ትነቀንቃለች። አውሮፕላኑ ጥሏት ሄደ። በመጨረሻ የገላገላት እዚያው ጽዳት የሚሠራ የአገሯ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የቀን መቀየሪያ ከፍቶ አሳያቸው፤ በሚቀጥለው በረራ ተሳፈረች። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ብሎ በካልሲ ነው የወጣችው።

የሠራተኛዋ ጥፋት አይመስለኝም። ወረቀቱን የጻፈውም ሰው ሕጉን ጥሶ አልጻፈም፤ አገሩ የሚጽፍበትን ቀን ነው የጻፈው። ያጠፋው የጋራ ቅጽ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴር የማቀርበው ይህ ነው። አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ ዓረብኛ ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩ በስሙ እንጂ በቁጥር ሳይሆን ይጻፍ። በበረራው ቀን ስንት ሳምንት ከስንት ቀን እንደሚሆናት፣ የመውለጃ ቀኗ፣ አንድ ልጅ ይሁን መንታ፣ እርግዝናው ችግር ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑ፣ የፈራሚው ስምና የሥራ ፈቃድ ቁጥር ይኑርበት። ሜዲፍ የሚባለው የአየር መንገዶች የሕክምና ቅጽ ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ሕመም ወይም ውስብስብ ችግር ላለበት ተጓዥ የተሠራ ነው። ለጤነኛ እርጉዝ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አንዳንድ ቦታ ግን ሁለቱን አደባልቀው ሴቶቹን ያመላልሷቸዋል።

ትኬት ቆራጮች ደግሞ አንድ ጥያቄ ልመዱ። «የምትመለሺ ዕለት ስንት ሳምንት ይሆንሻል?» የምትሄድበትን ቀን ሁሉም ያስባል፤ መመለሻዋን የሚያስብ የለም። በ30 ሳምንቷ ለክርስትና መጥታ፣ ሁለት ወር ቆይታ፣ ቦሌ ላይ «አትሳፈሪም» የተባለች ሴት አውቃለሁ። ትኬቷ ደርሶ መልስ ነው፤ ሲሸጥላት ሆዷ ይታያል፤ የጠየቃት አልነበረም። ልጇን እዚህ ወለደች። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ባሏ እዚያ ነው፣ ኢንሹራንሷም እዚያ ነው። የወለደችበትን ሒሳብ የከፈለው ወንድሟ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሊባኖስ የሚመለሱ እህቶቻችን አሉ፤ በቤት ሠራተኝነት የሄዱ። ከአገሮቹ በአንዳንዶቹ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በሕግ ያስጠይቃል። ሐኪም ቤት ስትሄድ የጋብቻ ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለች። ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ክትትል ከየት ታምጣ? አልትራሳውንድ ከየት? ደብዳቤስ ማን ይጻፍላት? ሰፊ አባያ ትለብሳለች፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ትይዛለች፣ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ትውጣለች። ከጅዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዱባይ አራት ገደማ። በስምንት ወሯ የምትበር አለች፤ በዘጠኝም። እኛ ጋ ስትመጣ ደም ግፊቷ በእርግዝናዋ የሚለካው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። አንዳንዷ ላይ የማየውን ቁጥር ባየሁ ጊዜ «ይህች ሴት ትናንት ሰማይ ላይ ነበረች» እላለሁ፤ ይዘገንነኛል።

ለእሷ ደንቡ አደጋን የሚከላከል አይደለም። እንድትደበቅ የሚያስገድዳት ነው። የደበቀች ሴት ደግሞ ራስ ምታቷንም ትደብቃለች፣ ደም ማየቷንም ትደብቃለች። ስለዚህ በጅዳ፣ በዱባይና በቤሩት ያሉት ቆንስላዎቻችን ስለ ጋብቻዋ ሳይጠይቁ የሚያይዋትና ደብዳቤ የሚጽፉላት ሐኪም ወይም አዋላጅ ቢያመቻቹ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥት ራሱ በሚያዘጋጃቸው የመመለሻ በረራዎች ላይ ደግሞ አዋላጅ ይሳፈር፤ የማዋለጃ ዕቃም ይያዝ። መጋቢት 2014 ላይ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ከሳዑዲ ለመመለስ በረራ ሲጀመር ከተመላሾቹ መካከል ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ነበሩ። ወደፊትም ይኖራሉ። ቀድሞ ማሰብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

አሁን ለሴቶቹ በክፍሌ የምነግራቸውን ልጻፍ። ይህን በአማርኛ አትማችሁ ከትኬቱ ጋር ብትሰጧቸው የእኔ ጉሮሮ ያርፋል።

መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ከፍታው ልጄን አያፍነውም?» ብለው ነው። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ቢበርም ውስጡ የሚታመቀው አየር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቦሌ ልጅ በአውሮፕላን ውስጥ የምትተነፍሰው አየር ከሰፈሯ አየር ብዙም አይለይም። ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ደግሞ ውስጣቸው ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል፤ የባሕር ዳር ከፍታ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲሳፈር ይወርዳል እንጂ አይወጣም ብዬ ሳስቃቸው ይረጋጋሉ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለምትነሳ ሴት ልዩነቱ ይሰማት ይሆናል፤ ጤነኛ ከሆነች ግን ችግር የለም። የፅንስ ደም ኦክስጅንን ከእናቱ ደም አጥብቆ ይይዛል፤ ተፈጥሮ ያሰበችበት ነው። የምፈራው ከባድ ደም ማነስ ያለባትን ነው። እሷ ሳትታከም ባትበር ይሻላል።

እግርን ግን አልቀልድበትም። እርግዝና በራሱ የደም መርጋትን አደጋ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ያሳድጋል። በዚያ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መሄድ ይጨመርበታል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። በየሰዓቱ፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት፣ ተነስቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለመነሳት ደግሞ የመተላለፊያው ዳር ወንበር ያስፈልጋል። መስኮት ዳር የተቀመጠች እርጉዝ ሁለት የተኙ ሰዎችን ቀስቅሳ መውጣት ታፍራለች፤ ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። ሽንቷን ይዛ፣ ሽንት እንዳይመጣባት ውሃ ሳትጠጣ፣ እንደተቀመጠች ትደርሳለች። የካቢኑ አየር ደግሞ ደረቅ ነው፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደሙ ይወፍራል። አየር መንገዶች ሆይ፣ ለነፍሰ ጡር የዳር ወንበርን በነፃ ስጡ። ተጨማሪ ክፍያ አትጠይቁበት።

የሕክምና ካልሲ፣ እግርን ጨምቆ የሚይዘው ማለቴ ነው፣ ለረጅም በረራ ጥሩ ነው። ሁለቱም እግር እኩል ማበጡ የተለመደ ነው። አንደኛው እግር ለብቻው ካበጠ፣ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ለአስተናጋጅ መናገር ነው፤ ከወረዱ በኋላም ቢሆን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ።

ቀበቶው ከሆድ በታች፣ በዳሌና በጭን ላይ ይታሰራል። ሆድ ላይ አይታሰርም። ተቀምጠው እስካሉ ድረስ ደግሞ አይፈታ፤ መናወጥ ሲመጣ ሳይነግር ነው።

ከጉዞ በፊት ባለው ቀን ሽሮና ምስር ቀነስ ይበል። በተለይ እንደ ዱባይ ካለ ዝቅተኛ ቦታ ለምትነሳ ሴት፣ ከፍታ ላይ በሆድ ያለ አየር በሲሶ ገደማ ይሰፋል፤ ማህፀን በሞላው ሆድ ውስጥ የት ይግባ? አምቦ ውሃና ለስላሳም እንደዚያው። ጾም ላይ ያለች በበረራው ቀን ውሃን አትጹም፤ የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ እሳቸውም ይህንኑ የሚሏት ይመስለኛል።

ፍተሻ ላይ ያለው በር ኤክስሬይ አይደለም፤ ብረት የሚፈልግ መግነጢስ ነው። ኤክስሬዩ የሻንጣው ነው። እጅ አስነስቶ የሚያየው አዲሱ ማሽንም ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚጠቀመው። ሰማይ ላይ ያለው ጨረር ለአንድ ለሁለት ጉዞ አያሳስብም። ሥራዋ በረራ የሆነች ሴት ግን እርግዝናዋን ባወቀች ጊዜ ቶሎ ብታሳውቅ ይሻላል። ለፅንስ የሚመከረው የጨረር ጣሪያ በእርግዝናው ጊዜ ሁሉ 1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ነው፤ ለእሷ ሰዓቶቹ ይደመራሉ።

ፍተሻ ካልኩ አይቀር፣ ጫማ አውልቁ የሚባልበት ቦታ ላይ ወንበር አስቀምጡ። አንድ ወንበር። በስምንት ወር ሆድ ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያ መፍታት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ነው ያንን ቦታ የሠራው።

ለቤተሰብም አንድ ነገር አለኝ፤ ደብዳቤው ለእነሱ ባይሆንም ማንበባቸው አይቀርም። ልጅቷ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ተፈቅዶላታል ማለት ሁለቱንም በበርበሬ ሙሉላት ማለት አይደለም። ያንን ከሚሽከረከረው ማጓጓዣ ላይ ጎትታ የምታወርደው እሷ ናት። አክስቶቼ፣ እባካችሁ።

ጨርሶ መብረር የሌለባትም አለች። ደም የምታይ፣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሳት፣ ደም ግፊቷ የጨመረ፣ እንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር የዘጋባት፣ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው ወልዳ አሁንም ቁርጠት የጀመራት። እርግዝናው ገና ሁለት ሦስት ወር ሆኖ በአንድ ጎኗ ሕመም ወይም ደም ካለም ከመሳፈር በፊት አልትራሳውንድ ታይ፤ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ደብዳቤ አልጽፍም። ለምነውኝ፣ አልቅሰው፣ ትኬቱ ገንዘቡ አይመለስም ብለውኝ ያውቃሉ። አየር መንገዶች እዚህ ላይ ብትረዱኝ ጥሩ ነው። በሐኪም ምክር ለቀረች እርጉዝ ቀኑን ያለ ቅጣት ቀይሩላት። ቅጣቱን ስለፈራች የተሳፈረች ሴት ለእናንተም አታዋጣም፤ መሐል መንገድ ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ ከትኬት ቅጣት በብዙ ይበልጣል።

የቅጹን ረቂቅ ለመጻፍ እኔም የሥራ ባልደረቦቼም ፈቃደኞች ነን፤ ክፍያ አንጠይቅም። የሳምንትና የወሩን ሠንጠረዥ ጳጉሜ ስትገባና ሳትገባ በሁለት መልክ አዘጋጅተን ክፍላችን ውስጥ ለጥፈነዋል፤ ወስዳችሁ ማሳተም ትችላላችሁ። ስብሰባ ከጠራችሁን ግን ማክሰኞና ሐሙስ አይሁን። የክትትል ቀናችን ነው፣ ኮሪደሩ ይሞላል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ
አዲስ አበባ